ስለ ፌስታሉ ማን ይጠየቅ?

ባለፈው ሰሞን በላውንጃችን ስለ ፌስታል የተነሣው ክርክር ከሻይ ሰዓት ጀምሮ እስከ እራት ሰልፍ ዘልቆ ነበር። ከተከራካሪዎቹ ከፊሎቹ «ፋብሪካዎቹ ዛሬውኑ ይዘጉ፤ ወንዛችንንም ከብታችንንም የፈጁት እነሱ ናቸው» ሲሉ፣ ከፊሎቹ ደግሞ «ገና በቂ ፋብሪካ ሳይኖረን ስለ ፋብሪካ ጉዳት ማውራት የጠገበ ሰው ወሬ ነው፤ ሠራተኛው የት ይግባ?» ይሉ ነበር። ሁለቱም ወገኖች ከልብ ተናገሩ፤ ይሁን እንጂ ሕጉን አንብቦ የመጣ ሰው ከመካከላቸው አልተገኘም። እኛም ይህን አይተን ነገሩን ከሥሩ መመርመር ይሻላል ብለን ይህን ጽፈናል። አስተያየታችንን እስከ መጨረሻው ሸሽገን አንባቢን አናደክምም፦ ፌስታል መከልከሉን እንደግፋለን፤ የክልከላው ሸክም በማን ትከሻ ላይ እንደ ወደቀ ስናይ ግን ዝም ልንል አንችልም።

ለመሆኑ ሕጉ ምን ይላል? አገራችን በዚህ ጉዳይ ሕግ ስታወጣ የአሁኑ የመጀመሪያው አይደለም። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ ዐዋጅ ቁጥር 513፣ ውፍረቱ 0.03 ሚሊሜትርና ከዚያ በታች የሆነውን፣ በአፈር ውስጥም የማይበሰብሰውን የፕላስቲክ ከረጢት ከልክሎ ነበር። በዚያ ዓመት የተወለደ ሕፃን ዛሬ አድጎ ከእኛ ጋር በአንደኛ ዓመት ክፍል ተቀምጧል፤ ዕድሜውን በሙሉም ዳቦውን ከሱቅ ሲቀበል የኖረው በዚያው በተከለከለው ስስ ፌስታል ነው። ዐዋጁ በነጋሪት ጋዜጣ ታትሞ ኖረ፤ ፌስታሉም በየአጥሩ እሾህ ላይ ተንጠልጥሎ ኖረ። ሁለቱ ሳይተዋወቁ አሥራ ስምንት ዓመት አለፈ።

በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አዲስ የደረቅ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ ዐዋጅ አጸደቀ። አዲሱ ሕግ በአንድ ጊዜ አገልግሎት የሚጣለውን የፕላስቲክ ከረጢት ማምረትን፣ ከውጭ ማስገባትን፣ መሸጥንና መጠቀምን ከለከለ። ከረጢቱን ይዞ የተገኘ ሰው ከ2,000 እስከ 5,000 ብር እንዲቀጣ ተወሰነ፤ በሚያመርተውና በሚያስመጣው ላይ ደግሞ ከዚህ የከበደ ቅጣት ተጻፈ። በወረቀት ላይ ሲታይ ነገሩ ያለቀ ይመስላል። እኛ ግን የመጀመሪያው ዐዋጅ ለምን በጆሮ ዳባ ልበስ እንደ ታለፈ ሳንረዳ ሁለተኛው ይሠራል ብለን ለማመን እንቸገራለን።

ስለዚህ ፋብሪካውን እንመልከት፤ ስለ ምን ቢሉ፣ ፋብሪካ ገብቶ ሳያይ ስለ ፌስታል ውፍረት የሚፈርድ ሰው ሚዛን ሳይዝ ጤፍ እንደሚሸጥ ነጋዴ ነው። ፌስታል የሚሠራው ፖሊኢቲሊን ከሚባል፣ ምስር ከሚያህል ፍሬ ነው። ፍሬው በጋለ የብረት ሲሊንደር ውስጥ ጠመዝማዛ ብረት እየገፋው ይቀልጣል፤ የቀለጠው ክብ በሆነ ቀጭን ክፍተት በኩል ሲወጣ አየር ይነፋበትና እንደ ረጅም ፊኛ ወደ ላይ ይቆማል። ከላይ ያሉት ተሽከርካሪ ጥቅሎች ፊኛውን እየጎተቱ ይደፈጥጡታል፤ ከዚያ ወዲያ የሚቀረው በሙቀት ማጣበቅና መቁረጥ ብቻ ነው። እንግዲህ የፌስታሉን ውፍረት የሚወስኑት ፊኛው ምን ያህል እንደ ተነፋና ጥቅሎቹ በምን ፍጥነት እንደ ጎተቱት ናቸው። ሁለቱንም የሚያዝዘው አንድ ሠራተኛ የሚያዞረው ቁልፍ ነው። ስለዚህ ጠዋት 0.04 ሚሊሜትር ሲሠራ የታየ መኪና፣ ተቆጣጣሪው ከበር ሲወጣ 0.02 ለመሥራት ሌላ መኪና አያስፈልገውም።

ቁልፉን ለምን ያዞራል ለሚል ሒሳቡ እነሆ። ወርዱ 30፣ ቁመቱ 40 ሳንቲሜትር የሆነ ከረጢት ሁለት ገጽ ስላለው ስፋቱ 2,400 ካሬ ሳንቲሜትር ነው። የፖሊኢቲሊንን እፍግታ 0.92 ብለን ብንይዝ፣ በ0.03 ሚሊሜትር የተሠራው ከረጢት 6.6 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከአንድ ኪሎ ፍሬም 151 ከረጢት ይወጣል። ውፍረቱ 0.02 ቢሆን 226 ይወጣል። ሕጉን አክብሮ በ0.04 የሚሠራው ጎረቤቱ ከዚያው ኪሎ የሚያገኘው 113 ነው፤ ልክ ግማሹ ማለት ነው። ሁለቱ ፋብሪካዎች ፍሬውን የገዙት በአንድ ዋጋ ነው፤ ከረጢቱን የሚሸጡትም ለአንድ ገበያ ነው። ዐዋጅ ወጥቶ ተቆጣጣሪ በማይታይበት ቦታ የሚከስረው ሕግ አክባሪው መሆኑን ለማወቅ የኢኮኖሚክስ ተማሪ መሆን አያሻም። የ1999ኙ ዐዋጅ በተግባር የሠራው ሥራ ቢኖር ይህ ነው፤ የታመነውን አምራች ቀጥቶ ያልታመነውን ሸልሟል።

በውፍረት የሚለካ ሕግ ሌላም እንከን አለበት። ሕንድ እ.ኤ.አ. በ1999 ከረጢት ከ20 ማይክሮን እንዳያንስ ደነገገች፤ ማይክሮን የሚሊሜትር ሺኛ ነው። በ2011 ወደ 40፣ በ2016 ወደ 50፣ በ2021 ወደ 75፣ በ2022 መጨረሻ ደግሞ ወደ 120 ማይክሮን ከፍ አደረገችው። የነገሩ ሐሳብ መልካም ነው፤ ወፈር ያለ ከረጢት ይወደዳልና ሰው አይጥለውም፣ ቢጥለውም ለሚለቅመው ሰው ጥቂት ሳንቲም ያወጣል። ነገር ግን 120 ማይክሮን የሆነው ከረጢት 20 ማይክሮን ከነበረው ስድስት እጥፍ ፍሬ ይበላል። የከረጢቱ ቁጥር በስድስት እጥፍ ካልቀነሰ፣ ሕጉ ፕላስቲክን የሚያበዛ ሕግ ሆነ ማለት ነው። ለሕንድ አንድ ነገር ግን እንመስክርላት፦ የ75ቱንና የ120ውን ደረጃ ያስታወቀችው በአንድ ወረቀት ላይ፣ ሁለቱንም ከነቀናቸው ነበር። ፋብሪካው ነገ ብቻ ሳይሆን ከነገ ወዲያም ምን እንደሚጠየቅ ዐውቆ ገንዘቡን አወጣ ወይም አላወጣም።

ወደ ጎረቤቶቻችን ስንመለስ የኬንያ ነገር ብዙ የሚያስተምር ነው። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2007 እና በ2011 ስስ ከረጢትን ለመከልከል ሞክራ ሁለቱም ጊዜ ነገሩ ከሽፎባታል። በፌብሩዋሪ 2017 ለሦስተኛ ጊዜ ዐውጃ ስድስት ወር ሰጠች፤ ከኦገስት 28 ቀን 2017 ጀምሮም የሚያመርት፣ የሚያስመጣ ወይም የሚጠቀም ሰው እስከ 4 ሚሊዮን ሽልንግ ወይም እስከ 4 ዓመት እስራት እንዲቀጣ አደረገች። የኬንያ አምራቾች ማኅበር 176 ፋብሪካዎች ይዘጋሉ፣ ከ60,000 የሚበልጥ ሠራተኛ ሥራ ያጣል ብሎ ጮኸ። ይህ ቁጥር የከሳሽ ቁጥር መሆኑን አንርሳ፤ ባለ ጉዳይ ጉዳቱን አሳንሶ አይናገርም። ሆኖም የቁጥሩ ግማሽ እንኳ እውነት ቢሆን ያ ሁሉ ሰው ስድስት ወር በማይሞላ ጊዜ ሌላ እንጀራ ሊያገኝ አይችልም ነበር። ሁለት ጊዜ ዐዋጅ ሰምቶ ምንም ሳይደርስበት የኖረ ባለ ፋብሪካ ሦስተኛውንም ከቁም ነገር አልቆጠረውም፤ መኪናውንም አልለወጠም፣ ሠራተኛውንም ሌላ ሙያ አላስተማረም። ሦስተኛው ዐዋጅ የምር ሆኖ ሲመጣ ከሁሉ በፊት የተመታው ከመኪናው ሥር የቆመው ሰው ነው።

ክልከላው ግን ሠራ። በናይሮቢ ትላልቅ መደብሮች ውስጥ ያ ከረጢት ጠፋ። የቀረው በድንበር በኩል ሾልኮ የሚገባው ነበር፤ ታንዛኒያም ከጁን 1 ቀን 2019 ጀምራ በበኩሏ እስክትከለክል ድረስ በዚያ በኩል ያለው በር ክፍት ሆኖ ቆይቷል። ኡጋንዳ እ.ኤ.አ. በ2009 ከ30 ማይክሮን በታች ያለውን ከልክላ ገበያው እንደ ድሮው ቀጥሏል፤ ከእኛው የ1999 ዐዋጅ ጋር መንታ ናቸው ማለት ይቻላል። ባንግላዴሽ የ1988ቱና የ1998ቱ ጎርፍ ሲያጥለቀልቃት ቦዮቿ በከረጢት ተደፍነው ስላገኘቻቸው በ2002 ከዓለም አገሮች ቀድማ ብትከለክልም ከጥቂት ዓመት በኋላ ከረጢቱ ተመልሶ መጣ። ሩዋንዳ በአንጻሩ በ2008 ከልክላ እስከ ዛሬ ጸንታለች፤ በ2019 ደግሞ ክልከላውን ከከረጢት አልፋ በአንድ ጊዜ አገልግሎት ወደሚጣሉት የፕላስቲክ ዕቃዎች ሁሉ አሰፋችው። ልዩነቱ በሕጉ ቃል ላይ አይደለም። ሩዋንዳ የምትይዘው በበሯ ላይ ነው፤ በኪጋሊ አውሮፕላን ማረፊያ የመንገደኛ ሻንጣ ውስጥ የተገኘ ፌስታል ሳይቀር ይወሰዳል።

እዚህ ላይ ነው የእኛ አገር ነገር ግልጽ የሚሆነው። ኢትዮጵያ ከነዳጅ ፖሊኢቲሊን የሚሠራ ፋብሪካ የላትም። ከአገራችን ፋብሪካዎች ለሚወጣው ፌስታል የሚቀልጠው አዲስ ፍሬ ሁሉ በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ ይልቁንም በጅቡቲ በኩል ገብቶ፣ በጉምሩክ ተመዝኖና ተመዝግቦ የመጣ ነው። መንግሥት ስንት ኪሎ እንደ ገባና ለማን እንደ ገባ የሚያሳይ መዝገብ በእጁ አለ ማለት ነው። ይህ ሁሉ መዝገብ ተቀምጦ ሳለ ደንብ አስከባሪ በጉልት ገበያ መካከል ቆሞ የእናቶችን እጅ ሲያይ ብናገኘው «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ከማለት በስተቀር ምን እንላለን?

እርግጥ ነው፣ ያው ፍሬ ቧንቧም፣ ጀሪካንም፣ የአበባ እርሻ መሸፈኛም ይሆናል፤ ስለዚህ ፍሬውን በጉምሩክ በር ላይ መከልከል ጤፉን ከእንክርዳዱ ጋር መድፋት ይሆናል። እኛም እንዲህ አላልንም። የምንለው እያንዳንዱ ፋብሪካ የወሰደው ፍሬ ስንት እንደ ሆነ፣ ምን እንደ ሠራበትና ለማን እንደ ሸጠው በየሩብ ዓመቱ ያስመዝግብ ነው። አሥር ኩንታል ፍሬ ገዝቶ ሰባት ኩንታል ቧንቧ የሸጠ ሰው የቀረውን ሦስት ኩንታል የት እንዳደረሰው ይጠየቅ። ይህን ለማጣራት ጥቂት የሒሳብ ሠራተኞች ይበቃሉ። በየጎዳናው ፌስታል ለማሳደድ ግን የከተማው ደንብ አስከባሪ ሁሉ ቢሰለፍ አይበቃም። ተሠርቶ ያለቀለት ፌስታል በኮንትሮባንድ የሚገባውም ቢሆን መያዣው ቦታ መንገዱና መጋዘኑ ነው።

የቅጣቱን ነገር ካነሣን፣ 2,000 ብር ማለት በጉልት ቲማቲምና ሽንኩርት ደርድራ ለምትውል ሴት ምን ማለት እንደ ሆነ አንባቢ ራሱ ያውቀዋል። እሷ ፌስታሉን አልፈለሰፈችውም፤ ገዢዋ ባዶ እጁን መጥቶ «በምን ልያዘው?» ስለሚላት ነው የምትይዘው። ከጓደኞቻችን አንዳንዶቹ «ወደ ዘንቢል እንመለስ» ይላሉ። ዘንቢልን የሚጠላ የለም፤ ስኳርም በወረቀት ተጠቅልሎ፣ ቆሎም በጋዜጣ ጥቅልል ይሸጥ እንደ ነበር አባቶቻችን ነግረውናል። ዳሩ ግን ዘንቢል ከቤቱ ወደ ገበያ አስቦ የሚወጣ ሰው ዕቃ ነው። ማታ ከሥራ ሲመለስ ታክሲ ከወረደበት ሱቅ ግማሽ ኪሎ ሙዝ የሚገዛ የቀን ሠራተኛ ዘንቢል አንጠልጥሎ ሊውል አይችልም። ለዚህ ሰው በሱቁ ውስጥ ርካሽ የወረቀት ወይም የጨርቅ ከረጢት መኖር አለበት፤ እስኪኖር ድረስ ደግሞ እሱን መቅጣት ሕግ ማስከበር ሳይሆን ገንዘብ መሰብሰብ ነው።

በምትኩ የመጣውን ከረጢትም በጥንቃቄ እንመልከተው። አሁን በየሱቁ የሚታየው ጨርቅ የሚመስል፣ ቀለም ያለው፣ ማንጠልጠያውም የተሰፋ ወይም በሙቀት የተጣበቀ ከረጢት ብዙዎቻችን እንደምናስበው ጨርቅ አይደለም። ያልተሸመነ ፖሊፕሮፒሊን ነው፤ ፕላስቲክ ነው። ወፍራሙ ብዙ ጊዜ ያገለግላል፤ ስሱ ግን ከሁለት ጉዞ በኋላ ይተረተርና ጭራው ከፌስታል ይልቅ ለመልቀም የሚያስቸግር ይሆናል። ኬንያ ከ2017ቱ ክልከላ በኋላ ገበያዋ በዚህ ዓይነት ከረጢት ስለ ተሞላ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣኗ በ2019 እሱንም አግዳለሁ ብሎ ተነሣ። መኪና ገዝቶ ወደዚህ ሥራ የዞረ ባለ ፋብሪካ ሁለት ዓመት ሳይሞላው እንደገና በር ተዘጋበት።

«ይበሰብሳል» ተብሎ የሚሸጠው ከረጢትም ታሪኩ ይኸው ነው። በፖሊኢቲሊኑ ውስጥ የሚጨመር አንድ ቅመም አለ፤ ከረጢቱ በፀሐይና በአየር ሲመታ ቶሎ እንዲሰባበር ያደርገዋል። ሳዑዲ ዓረቢያ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምራ ይህን ቅመም በብዙ የፕላስቲክ ዕቃዎች ውስጥ ግዴታ አደረገች። የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ በ2019 ባወጣው መመሪያ ያንኑ ዕቃ ከነጭራሹ ከለከለ፤ ምክንያቱም መሰባበር መበስበስ አይደለም፤ ዓይን የማያየው ብናኝ ሆኖ ከአፈሩ ጋር ይቀላቀላል እንጂ። አንዱ አገር የሚያዝዘውን ሌላው አገር ይከለክላል። በመካከሉ የቆመው አምራች፣ በተለይም እንደ እኛ አገር ቅመሙንም መኪናውንም ከውጭ የሚገዛው፣ የትኛውን ይመን? መንግሥት «የሚበሰብስ» ሲል ምን ማለቱ እንደ ሆነ፣ በስንት ቀን፣ በምን ዓይነት አፈር ውስጥ፣ በማን ላቦራቶሪ ተፈትኖ እንደሚረጋገጥ በቁጥር ካልተናገረ ቃሉ ለአጭበርባሪ መሸሸጊያ ይሆናል።

አሁን ደግሞ ከፋብሪካው ወጥተን ወደ ቆራሌው እንሂድ፤ ስለ ፕላስቲክ ሕግ በሚጻፈው ሁሉ ውስጥ ስሙ የማይነሣው እሱ ነውና። ጠዋት በየሠፈሩ እየጮኸ የሚያልፈው፣ የሰበሰበውንም ምን አለሽ ተራ የሚያደርሰው ሰው፣ ሃይላንድ የምንለውን የውሃ ጠርሙስ ይገዛል። ፌስታል ግን ስጡኝ ብሎ አያውቅም። የዚህ ምክንያት የሕዝባችን አለመሠልጠን ነው የሚሉ ሊቃውንት አሉ፤ አይደለም። ምክንያቱ ዋጋ ነው። ጠርሙሱ ጠንካራ ነው፤ ታጥቦና ተፈጭቶ ተመልሶ ጥሬ ዕቃ ይሆናል፤ ስለዚህ ገዢ አለው። ፌስታሉ ግን ከላይ እንዳሰላነው አንድ ኪሎ ለመሙላት 151 ፍሬ መለቀም አለበት፤ ያም ጭቃና ዘይት የነካው ነው። ማንም ሰው በነፃ 151 ጊዜ አይጎነበስም።

አውሮፓውያን በዚያው በ2019 መመሪያቸው የመጠጥ ጠርሙስ ፕላስቲክ በ2025 ከመቶ 25፣ በ2030 ከመቶ 30 ተመልሶ ከተሠራ ጥሬ ዕቃ እንዲሆን አዝዘዋል። ይህ ዓይነቱ ሕግ አትሥራ ብሎ አያበቃም፤ ለተለቀመው ጠርሙስ ገዢ ይፈጥርለታል። በእኛ አገር ውሃና ለስላሳ በሚያሽጉት ፋብሪካዎች ላይ፣ በትንሽ ተጀምሮ በየዓመቱ የሚያድግ እንዲህ ያለ ግዴታ ቢጣል የቆራሌው ዋጋ በዚያው ቀን ይሻሻላል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ብር በገበያ ዋጋ ይመነዘራል፤ ያን ጊዜ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። የውጭው ፍሬ እንዲህ ሲወደድ የአገር ውስጡን ጠርሙስ ፈጭቶ መሥራት ለባለ ፋብሪካው ራሱ ትርፍ ነው።

ስለ ለቃሚዎች ስንናገር ቆሼን ሳናነሣ አናልፍም። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ማታ የቆሻሻው ተራራ ተንዶ ከ110 የሚበልጡ ሰዎችን ሲቀብር፣ ከሟቾቹ ውስጥ በዚያው ቆሻሻ ላይ ፕላስቲክና ብረት ለቅመው የሚያድሩ ነበሩ። የከተማው ፕላስቲክ ሁሉ መጨረሻ የሚያልፈው በእነዚህ ሰዎች እጅ ነው፤ ሕግ ሲረቀቅ ግን የሚጠራቸው የለም። ባለ ፋብሪካዎች ማኅበር አላቸው፣ ጠበቃም ይገዛሉ። ለቃሚው ማን አለው?

በፋብሪካው ውስጥ ያለው ሠራተኛም ከዚህ ብዙ አይሻልም። የመንፊያው መኪና ቆሞ እንደገና ሲነሣ ብዙ ፍሬ ይባክናልና ቀንም ሌሊትም ይሠራል፤ ሰዎቹም በፈረቃ፣ በሙቀትና በቀለጠ ፕላስቲክ ሽታ መካከል ያድራሉ። «ፋብሪካው ይዘጋ» ለሚለው ጓደኛችን የምንነግረው መኪናው ከፌስታል ሌላም ሥራ እንደሚችል ነው። ያው ፊኛ ወፈር ተደርጎ ሲነፋ እህልን ከነቀዝ የሚጠብቀው፣ አየር የማያስገባው ድርብ ከረጢት ውስጡ ይሆናል፤ በማዳበሪያ ተሸፍኖ ከአንድ መኸር በላይ ያገለግላል። ገበሬያችን በጎተራ ውስጥ ለነቀዝ የሚገብረውን እህል ያየ ሰው ይህ ምን ያህል ሥራ እንደ ሆነ ይገባዋል። የችግኝ ማፍያ ላስቲክም ከዚሁ መኪና ይወጣል። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በአረንጓዴ ዐሻራ ስም ከሚተከለው ችግኝ ብዙው ያደገው በዚያ ላስቲክ ውስጥ ነው፤ ተከላው ሲያልቅ ላስቲኩ በየኮረብታው ተጥሎ ይቀራል። ችግኙን የሚተክለው መሥሪያ ቤት ላስቲኩን ቆጥሮ ሰጥቶ ቆጥሮ ቢቀበል የሚከለክለው አልነበረም። በዚህ ላይ የተናገረ ሰው ግን አልሰማንም።

«የዓለም ስምምነት እስኪመጣ እንጠብቅ» የሚሉም አሉ። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጉባኤ በማርች 2022 ናይሮቢ ላይ ውል እንዲረቀቅ ወስኖ ነበር። በ2024 መጨረሻ በቡሳን፣ በኦገስት 2025 በጄኔቫ ተሰብስበው ሁለቱንም ጊዜ ሳይስማሙ ተለያዩ። ፕላስቲክ ምን ያህል ይመረት በሚለው ላይ ነዳጅ ሻጮቹ አገሮች እሺ አላሉም። ነዳጅ የሌለን እኛ የእነሱን እሺታ የምንጠብቅበት ምክንያት አይታየንም።

እንግዲህ መንግሥትን የምንጠይቀው ይህ ነው። የአዲሱ ዐዋጅ ማስፈጸሚያ ሲወጣ ከፍሬው መዝገብ ይጀመር፤ ይዞ በተገኘው ሰው ላይ የተጻፈው ቅጣትም በሱቁ ውስጥ ምትክ እስኪቀርብ ይዘግይ። የሚቀጥሉት አምስት ዓመታት ደረጃዎች በአንድ ወረቀት ላይ ከነቀናቸው ይታወቁ፤ ከታወቁም በኋላ በአንድ ባለ ሀብት ለቅሶ አይለወጡ። ባለ ፋብሪካ መኪናውን ወደ ሌላ ሥራ ሲያዞር በብድርም በቀረጥም ይታገዝ፤ ዕርዳታው ግን ሠራተኛውን ካልበተነ ብቻ ይሁን። ከቅጣት የሚገኘው ገንዘብ የት እንደሚገባም በግልጽ ይነገር፤ ለለቃሚው ጓንትና ጫማ ሲውል ማየት እንፈልጋለን።

በበኩላችን ደግሞ ከክርክር አልፈን አንድ ሥራ ለመጀመር አስበናል። በመጪው ወር ውስጥ እያንዳንዱ አንባቢ ከሠፈሩ መንገድ ዳር የተጣለ ፌስታል አንሥቶ፣ አጥቦና አድርቆ፣ ሠፈሩንና ቀኑን በወረቀት ጽፎ ለማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ይስጥ። ምህንድስና የሚማሩ ጓደኞቻችን በማይክሮሜትር ይለኩታል። ተራው ማይክሮሜትር የሚያነበው እስከ 0.01 ሚሊሜትር ስለ ሆነ ፌስታሉ ስምንት ድርብ ሆኖ ይታጠፍና የተገኘው ቁጥር ለስምንት ይካፈላል። ውጤቱን ከነሠፈሩ በሚቀጥለው እትም እናወጣለን፤ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤትም አንድ ቅጂ እንልካለን። ከሱቅ አትግዙ፤ የተጣለው ይበቃል። የባለ ሱቁንም ስም አትጻፉ፤ የምንፈልገው እሱን አይደለም።